ስለ ቄናውያን መነሻ፣ ስለ አባቴም

ውድ ታምራት፣

ስለ ቄናውያን የጻፍከውን የመመረቂያ ጥናት አንብቤ ጨረስኩ። በእርሳስ ያረምኩት እንዳለ ሆኖ ጥሩ ሥራ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እዚህም እዚያም ብቅ ብለው ስለሚጠፉ ሰዎች ይህን ያህል የሚጽፍ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኮርቼብሃለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች የምጽፈው ስለሚያስከፋህ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጥያቄህ ልምጣ። በቴሌግራም የላክህልኝን ድምፅ ሰምቼዋለሁ፤ ደግሜም ሰምቼዋለሁ። አጎትህ ጋሽ ሀብታሙ በመጪው እሑድ ሽማግሌዎቹን ይዘው ዱቦ፣ አባቴ ቤት፣ እንደገና ሊመጡ እንዳሰቡ ነገርከኝ። የማን ዘር ነህ ሲሉት አባቴ እናንተ የመረጣችሁለትን የጎሳ ስም ይናገራል። ሽማግሌዎቹ ይረካሉ፤ እናትህም ይታረቃሉ፤ አንተ ከአዲስ አበባ ተመርቀህ ስትመለስ እንጋባለን። "አንድ ቃል ናት እኮ ሰጊ። አብርሃምም ሚስቱን እኅቴ ናት ብሏል። እሺ በይኝ" አልክ።

መልሱን በስልክ መንገር እችል ነበር። ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ስልክ አላምንም፤ ድምፅህን ስሰማ ሐሳቤ ይለዋወጣል። ስለዚህ ቢጠና፣ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ የተማሪዎቼን የታሪክ ፈተና ወደ ጎን ገፋ አድርጌ እጽፍልሃለሁ። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እንዲህ ሲዘንብ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከዚያ የጫማ ሱቅ ታዛ ስር የተጠለልንበት ከሰዓት ትዝ ይለኛል። ባለሱቁ "ጫማ ካልገዛችሁ ለሚገዛ ሰው ቦታ ልቀቁ" ያለን ቀን። አንተ ለአንድ እግር ብቻ ካልሲ ይሸጡልኝ ብለህ የተከራከርከው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ዘንቧል፣ እንደዚያ ግን ስቄ አላውቅም።

ቄናውያንን ያስተዋወቅኩህ እኔ ነኝ። በመግቢያህ ላይ አላነሳኸውም፤ ግድ የለም፣ ለወቀሳ አይደለም የማነሳው። ነገሩ የተጀመረበትን ቀን ማስታወስ ስለምፈልግ ነው።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። እኔ ሶዶ አክስቴ ቤት ሆኜ እማራለሁ፤ አንተ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ነህ፤ ከሌላ አጥቢያ ወጣቶች ጋር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ እንድንወዳደር እኔንና አንተን አጣመሩን። ጠያቂው ጋሽ ዮሴፍ ነበሩ፤ ያ የሚያፏጭ ማይክራፎን በእጃቸው፣ የጻፏቸው ካርዶች በኪሳቸው። መጨረሻ አካባቢ፣ ነጥባችን እኩል ሆኖ ሳለ፣ አንዱን ካርድ አወጡና "ቄናውያን የማን ዘር ናቸው?" አሉ።

እጄን አወጣሁ። "አይታወቅም" አልኩ።

"መልሱን አላውቀውም ማለትሽ ነው፣ ልጄ?"

"አይደለም ጋሼ። መልሱ ራሱ 'አይታወቅም' ነው።"

ከኋላ አግዳሚ አንዱ "እንዲህ ከሆነማ እኔም ሁሉንም መልሻለሁ!" ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። የሙሴ አማት አንድ ቦታ የምድያም ካህን ይባላል፣ ሌላ ቦታ ቄናዊ ይባላል አልኩ። ግን እግዚአብሔር ለአብርሃም ምድሪቱን ሲሰጠው የቄናውያን ስም እዚያው ተጠርቷል፤ ምድያም ደግሞ የአብርሃም ልጅ ነው፣ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም። ካልተወለደ ሰው እንዴት ይወለዳሉ? በኋላ ደግሞ የይሁዳ ትውልድ ሲቆጠር መሐል ገብተው እናገኛቸዋለን። ከየት እንደመጡ መጽሐፉ ራሱ አልነገረንም አልኩ።

"ልጄ፣ ካርዱ ምድያም ይላል" አሉ ጋሽ ዮሴፍ።

"ካርዱን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኛ!"

አሁንም ተሳቀ። ከዚያ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ "አይታወቅም የሚባል ዘር የለም፣ የኔ ልጅ። ሁሉም ሰው የማን እንደሆነ ይታወቃል" አሉ። ያኔ አንተ ተነሣህ። ሱሪህ አጥሮብህ ነበር፣ አስታውሳለሁ። "ጓደኛዬ ያለችው ልክ ነው። ነጥቡን መቀነስ ትችላላችሁ፤ መልሳችንን ግን አንቀይርም" አልክ። አባትህ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

ተሸነፍን። ለሽልማት የቀረቡትን የግድግዳ ሰዓቶች ሌሎቹ ወሰዱ። አንተና እኔ ወደ መናኸሪያው ወርደን ቆጮ በዳታ በላን። የሚያቃጥለውን ዳታ አብዝተህ እንባህ ሲወርድ "የማለቅሰው ለሰዓቱ ነው" አልክ። ከዚያ ጠየቅኸኝ፤ ለማታውቂያቸው ሰዎች ይህን ያህል ምን አስቆጣሽ አልከኝ። ሶዶ ውስጥ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩህ። "አባቴ ቀጥቃጭ ነው" አልኩህ።

ለአንተ ማብራራት አላስፈለገኝም። በእኛ አገር ሰው ከሰው ሲተዋወቅ ጎሳ ይጠያየቃል፤ የማን ነሽ፣ የማን ነህ ይባባላል፤ ከሦስት ጥያቄ በኋላ ወይ ዘመድ ይሆናል ወይ አማች ይሆናል። ለአባቴ ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱም ሥራው ነው። ማረሻ የሚፈልግ ገበሬ በጠዋት ይመጣል፣ ያወራል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። ከቤታችን ገብቶ አይበላም፤ ከቤታችን ሴት ልጅ አይጠይቅም። የጊፋታ በዓል ሲደርስ ሰፈሩ ተሰብስቦ በሬ ይገዛል፤ በሬው የሚበለትበትን ቢላ አባቴ ይስለዋል፤ ከቅርጫው ውስጥ ግን ስሙ የለም። ሥጋ የምንገዛው ከከተማ ነበር።

አንተ ዳታውን ከአፍህ ጠርገህ አየኸኝና "ታዲያ ቄናውያን ናችኋ!" አልክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቄናዊቷ ሆንኩ። ስቆጣብህ "መዶሻና ካስማ ደብቁባት፣ የጦር አለቃውን የቸነከረችው የቄናዊው የሔቤር ሚስት ተነሥታለች" ትል ነበር። አንድ ሰው ያን የሚያሳፍረኝን ነገር ወስዶ የማዕረግ ስም ሲያደርግልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። የወደድኩህ ያን ቀን ነው። ሌላ ቀን ነው ብዬህ ከሆነ ዋሽቼሃለሁ።

በእረፍት ጊዜ ዱቦ ድረስ ትመጣ ነበር፤ እስከ አስፋልቱ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ከአባቴ ጋር ወናፉን እየነፋህ፣ ፊትህ ጥላሸት ለብሶ፣ "ጋሽ ደገፉ፣ እናንተ ግን ከየት መጣችሁ?" ትለዋለህ። አባቴ ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ አዲስ መልስ አለው። አንዴ ከኦሞ ማዶ ከንጉሥ ጋር መጣን ይላል። አንዴ ደግሞ ዳሞታ ተራራ ሲቆም እዚህ ነበርን፣ መሠረቱን ያጠበቅነው እኛ ነን ይላል። አንተ "የቱን ልመን?" ስትለው መዶሻውን ከፍ አድርጎ "ማረሻው ሲሰበር ማንም ከየት መጣህ ብሎኝ አያውቅም። አንተ ምንህ ተሰብሮ ነው?" አለህ። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ግባና የተቀቀለ ቦይና ቅመስ" አለችህ። "ሚኒባሱ ያመልጠኛል እትዬ ዘነቡ" አልካት። ሁልጊዜ የሚያመልጥህ ሚኒባስ ነበረ። ያን ጊዜ ሚኒባስ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ተማርኩ፤ አንተ በቤተ ክርስቲያን አገለገልክ፣ ከዚያም ለነገረ መለኮት ትምህርት አዲስ አበባ ሄድክ። ዓመታቱ ጥሩ ነበሩ። ስለ ቄናውያን ያገኘሁትን ሁሉ እልክልህ ነበር፤ አንዱ ሊቅ ከቃየን ይወለዳሉ ይላል፣ አንዱ የበረሃ አንጥረኞች ናቸው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ሌሎቹ ሁሉ ይገምታሉ ይላል። በዚህኛው ላይ ተስማማን። ከፍቅራችን ደብዳቤ ይልቅ የቄናውያን ወሬ ይበዛ ነበር። ለእኔ ግን ልዩነት አልነበረውም።

እንግዲህ ያን ሽማግሌ የላክህበትን የኅዳር እሑድ ላንሳው። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። አንተ ደውለህ ጊዜ ስጪኝ አልከኝ፤ እኔ ሰጠሁህ። አሁን ጊዜው አልቋል።

እናቴ ከሐሙስ ጀምሮ ስታዘጋጅ ከረመች። እኅቴ ብሩክታይት ከጎረቤት የፕላስቲክ ወንበር ተዋሰች፤ አባቴ በሩን ቀባ። አንተ ከአዲስ አበባ የመጣኸው በዋዜማው ነበር፤ ጠዋት አረካ መናኸሪያ ተገናኝተን ሻይ ጠጥተን ሳምቡሳ በላን፤ ያንተን በልተህ የእኔንም ግማሽ ወሰድክ። ከዚያ እኔ ቀድሜ ወደ ቤት ሄድኩ፣ አንተ ሽማግሌዎቹን ጠብቀህ መጣህ።

ጋሽ ሀብታሙ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነበሩ። ቤቱ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ እያለ "ነፋሱ ደስ ይላል" ብለው ግቢያችን ካለው የአቮካዶ ዛፍ ስር ቆሙ። አባቴ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያወጣ ደረደረላቸው። ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ምግቡ ሲቀርብ ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ይቅርታ አድርጉልን፣ ጾም ጸሎት ላይ ነን" አሉ። ሁለተኛው "አዎ፣ ጾም ላይ ነን" አሉ። ጋሽ ሀብታሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ወደ አንተ ዞረች። ደስ ብሏት ነበር የዞረችው፤ አንተ ልጅ ነህ፣ አንተ ትበላለህ ብላ ነው።

"እኔም ጾም ላይ ነኝ፣ እትዬ" አልካት።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አላየኸኝም፤ ወይም አይተኸኛል። የሳምቡሳው ዘይት ሸሚዝህ እጅጌ ላይ ነበረ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። "ወንድማችን ደገፉ፣ ለደንቡ ያህል፣ የማን ዘር ናችሁ?" አባቴ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ያን ቀን ግን ስለ ኦሞም አላወራ፣ ስለ ዳሞታም አላወራ። "ብረት እሠራለሁ" ብቻ አለ። ትልቁ ሽማግሌ "መልካም፣ እንጸልይበታለን" ብለው ተነሡ። ሁለተኛው ሽማግሌ የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ከኪሳቸው ስቴኪኒ አውጥተው ጥርሳቸውን ጎረጎሩ። እናቴ ይህን አይታ "ሥጋውን ጥርሳቸው ውስጥ ደብቀው ነው የሚጾሙት?" አለች፤ ብሩክታይትን ሳቅ አፈናት። እኛ ቤት ሰው እንዲህ ነው ከሐዘን የሚተርፈው። ማታ ግን ማንም ያን ምግብ አልነካም።

በሳምንቱ መልስ ደረሰን። "በጸሎት ሰላም አላገኘንበትም" የሚል ነበር። ተመልከት፣ እምቢ አላሉንም፤ እግዚአብሔርን እምቢ አስባሉት። እኔ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አልወጣሁም። ሶዶ በሄድኩ ቁጥር ፊተኛው አግዳሚ ላይ ነው የምቀመጠው። ቤቱ የእነሱ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ሰባት ወር ዝም አልክ። ከሰባት ወር በኋላ ጥናትህና ድምፅህ አንድ ቀን ደረሱኝ። ጥናቱን ሳነብ ማልቀስ አምሮኝ ነበር። ሳኦል አማሌቃውያንን ሊወጋ ሲል ቄናውያንን ከመካከላቸው ውጡ፣ ቸርነት አድርጋችሁልናል ያለበትን ስፍራ እንዴት አሳምረህ ጻፍከው! ከሁሉም ጋር የኖሩ፣ ሁሉም የፈለጋቸው፣ ማንም የእኔ ያላላቸው ሕዝብ ናቸው ብለሃል። ማጠቃለያህ ላይ ደግሞ "መነሻቸውን አለማወቃችን የእኛ ጉድለት ነው፤ የእነሱ አይደለም፤ ስለዚህ መነሻ ልንፈጥርላቸው አይገባም" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ከስሩ አስምሬበታለሁ። ስሕተት ኖሮት አይደለም። ያን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሰውና ለአባቴ ቅድመ አያት የፈጠረለት ሰው አንድ መሆኑን ማመን አቅቶኝ ነው።

የጎሳውን ስም እዚህ አልጽፈውም። ባለቤቶች አሉት፤ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ አልጠየቅናቸውም።

የአብርሃምንም ነገር ልመልስልህ። አዎ፣ ሚስቱን እኅቴ ናት ብሏል። ነፍሱም ተርፋለች፣ በጎችና ግመሎችም አግኝቷል። ተጎትታ ወደ ሌላ ሰው ቤት የተወሰደችው ግን ሣራ ናት። እንዲህ ያለ ቃል ሁልጊዜ የሚከፍለው ከተናጋሪው አጠገብ የቆመው ሰው ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ልልህ ነበር። ድምፅህን ደግሜ የሰማሁት ለዚያ ነው። ቄናዊቷ ብለህ እንድትጠራኝ ፈልጌ ነበር። አንድ ቃል ናት፣ ምን ይጎዳናል እያልኩ ራሴን አሳምኜ ባለፈው ቅዳሜ ለወላጆቼ ልነግራቸው ወደ ዱቦ ሄድኩ። አጎትህ አባቴን አስቀድመው በስልክ እንዳናገሩት አላውቅም ነበር።

ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ቤታችን ስጠጋ አንድ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ቆም ማለት ነበረብኝ። ድምፁ ነው። ቅዳሜ ሆኖ የአባቴ መዶሻ አይሰማም። ከወናፉ ቤት ግን ንግግር ይሰማል። በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ። ወናፉ በላስቲክ ተሸፍኗል። አባቴ የእሑድ ኮቱን ለብሶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ብሩክታይት ፊት ለፊቱ እንደ ፈታኝ ቆማለች።

"የማን ዘር ናችሁ?" አለች፣ ድምፅዋን እንደ ሽማግሌ አጎርንና።

አባቴ ያን ስም ተናገረ። "አያቴ ከወዲያ ማዶ መጣ። ገበሬ ነበር።"

"ቅድመ አያቴ ነው የሚባለው፣ አባ! አያትህንማ ሰዎቹ ያውቁታል።"

"ቅድመ አያቴ። ገበሬ ነበር። ብረት የጀመርነው... ብረት የጀመርነው..."

"በችግር ነው።"

"በችግር ነው" አለ አባቴ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይሄኛው ነው የሚጠፋብኝ" አላት።

ገባሁ። ሁለቱም እንደተያዘ ሌባ ደነገጡ። "አባ፣ ምን እየሠራህ ነው?" አልኩት።

"ልጄን እየዳርኩ ነው" አለኝ። ሊስቅ ሞከረ። "ጋሽ ሀብታሙ ደውለው ነበር። ጨዋ ሰው ናቸው። እስከ ሠርጉ ድረስ ወናፉን ሸፍነው፣ እጅህንም አጽዳው አሉኝ።"

እጁን ያየሁት ያኔ ነው። ታምራት፣ የአባቴን እጅ ታውቀዋለህ። ጥቁረቱ ከጥፍሩ ስር ብቻ ሳይሆን ከቆዳው ውስጥ ነው፤ ሰው ከሆንኩ ጀምሮ እንደዚያ ነው የማውቀው። በአመድና በሎሚ፣ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎታል፤ የምጣድ ቂጥ እንደሚፈገፈግ። ጣቶቹ ተልጠው ቀልተዋል። ጥቁረቱ ግን አልወጣም።

"ያምሃል?" አልኩት።

"እስከሚቀጥለው እሑድ ይድናል። አንድ ቃል ነው እኮ፣ ሰገነት። አንድ ቃል ተናግሬ አንቺ ደስ ካለሽ እኔን ምን ይጎዳኛል?"

ያንኑ ቃል ነበር የተናገረው፤ እኔ መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስለው የመጣሁትን፣ አንተ በስልክ ያልከኝን። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ሰማሁት።

ስልኬን አወጣሁና እዚያው፣ እነሱ እያዩኝ፣ ለአጎትህ ደወልኩ።

"ጋሽ ሀብታሙ፣ እሑድ እንዳይመጡ" አልኳቸው።

"እንዴ፣ ምን ተገኘ ልጄ? ሁሉ ነገር እኮ ተስተካክሏል።"

"ያልተበላሸ ነገር ነው ያስተካከላችሁት። አባቴ ቀጥቃጭ ነው፤ አያቴም ቀጥቃጭ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለውን አናውቅም። እንዲህ ሆነን የምንፈለግ ከሆነ በራችን ክፍት ነው። ካልሆነ መንገዱን አትድከሙ።"

ክፉ ሰው አይደሉም፤ በለሰለሰ ድምፅ መለሱልኝ። "ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ዓለም እንዲህ ናት። እኔ የለፋሁት ለእናንተው ነው። ታዲያ ታምራትን አትፈልጊውም ማለት ነው?"

"እፈልገዋለሁ" አልኳቸው።

አባቴ ራሱን አቀረቀረ። አጎትህ ሌላም ነገር አሉ፤ አልሰማሁትም፤ አመስግኜ ዘጋሁ።

አባቴ የሚያመሰግነኝ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። እኔም ተሳስቼ ነበር። "ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ ሰገነት?" አለኝ። "እችለው ነበር እኮ። እስከ እሑድ እይዘው ነበር።" ኮቱን አውልቆ ወጣ። ማታ ከእኔ ጋር አልበላም። በማግሥቱ ወደ ቢጠና ስመለስ እንደ ወትሮው እስከ አስፋልቱ አልሸኘኝም። እናቴ ናት የሸኘችኝ። "ይበርድለታል" አለችኝ። "አንቺ ግን ምን ልትሆኚ ነው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ላስቲኩ እስካሁን ወናፉ ላይ እንዳለ ነው። ብሩክታይት በየቀኑ ትደውልልኛለች፤ ዛሬም አልገለጠውም ትለኛለች።

መልሴ ይኸው ነው። አላገባህም። የዘር ስም አበድረኸን አላገባህም። ነገ ሐሳብህን ቀይረህ እንደ አሥራ አንደኛ ክፍሉ ልጅ ብትነሣም፣ አሁን አላውቅም፤ ያን ልጅ ከአቮካዶው ስር ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አንተን የሚያሳፍርህ የአባቴ መዶሻ ብቻ ቢሆን እታገልህ ነበር። የእናቴን ሳህን ዓይንዋን እያየህ የመለስክበትን ቀን ግን በምን ልታገለው?

አልጠላህም። ይህን በደንብ እንድታምነኝ እፈልጋለሁ። ከሚያስከፋኝ ነገር ውስጥ ስም አውጥተህ የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤ ያን ስም አልመልስልህም፤ የእኔ ነው። ስለ ቄናውያን ያነበብኩትን ሁሉ ለአንተ ልልክ ብዬ ነበር የማነበው፤ ከዛሬ በኋላ ለራሴ አነባለሁ። መጀመሪያ ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

ጥናትህን ግን አስተካክለህ አቅርብ። ምዕራፍ ሦስት ደካማ ነው። ሊቃውንቱን ትደረድራቸዋለህ እንጂ አትሞግታቸውም፤ አንተ መሞገት ትችላለህ፣ አይቼሃለሁ። መምህሮችህ ፊት ስትቆም አትቸኩል። ስትቸኩል ትንተባተባለህ፤ ውኃ አስቀምጥ።

ሶዶ ትንሽ ከተማ ናት፤ መገናኘታችን አይቀርም። ባጃጅ ውስጥም ይሆን ገበያ ውስጥ፣ መንገድ ቀይረህ እንዳታልፍ። ከማንም ጋር ብትሆን፣ ከሚስትህም ጋር ቢሆን፣ ቁምና ሰላም በለኝ። እኔም እናትህ ደህና ናቸው ወይ እልሃለሁ። አንተም አባትሽ ደህና ናቸው ወይ በለኝ፤ ስሙን ጠርተህ፣ ጋሽ ደገፉ ብለህ፣ ሰው እየሰማ። ደህና ነው እልሃለሁ። ዛሬ ደህና አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ ግን ደህና አደርገዋለሁ።

ሰገነት ደገፉ
ቢጠና፣ ሰኔ